ነውር ሌላ፣ ኃጢአት ሌላ፣ ወንጀል ሌላ

"ጋሼ፣ እባክዎ አብረውኝ ይሂዱ" አለችኝ። ወጣት እናት ናት። ስዊድን ከገባች ሦስት ዓመቷ ነበር። የሰባት ዓመት ልጇ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ነገር ተናገረ። መምህሯ ለማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ አሳወቀች። ከዚያ ደብዳቤ መጣ። ይህን የምጽፈው እናትየው ፈቅዳልኝ ነው።

የቢሮው ክፍል ጠባብ ናት። ጠረጴዛው ላይ ስልክ ተቀምጧል፤ አስተርጓሚው በስልክ ነው። ሠራተኛዋ "ልጅሽን መተሽው ታውቂያለሽ?" ብላ ጠየቀች። እናትየው ደነገጠች። "ኧረ በፍጹም! እቀጣዋለሁ እንጂ አልመታውም።" ስልኩ ዝም አለ። አስተርጓሚው ምን ብሎ ያስተርጉመው? በእኛ አፍ ቁንጥጫም ቅጣት ነው፣ ቁጣም ቅጣት ነው፣ ኳስ መከልከልም ቅጣት ነው። ሠራተኛዋ "እንዴት ነው የምትቀጪው?" አለች። እናትየው ሁለት ጣቷን አጋጥማ አየሩን ቆነጠጠች። "እንዲህ" አለች፣ ምንም ሳትደብቅ። ሠራተኛዋ ጻፈች።

ያቺ ልጅ ክፉ እናት አይደለችም። "ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል" እየተባለ ያደገች ናት። እኔም እንደዚያው ነኝ። ለእሷ ልጅን ስድ መልቀቅ ነውር ነው። ለሠራተኛዋ ደግሞ ቁንጥጫ ሕግ መጣስ ነው። ሁለቱም የሚያስቡት ለዚያው ልጅ ነበር። መምህሯም ብትሆን ጠልታት አይደለም ያመለከተችው። ልጅ እየተጎዳ ነው ብላ ከጠረጠረች እንድታሳውቅ ሕጉ ያስገድዳታል።

ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ ለሚመጡ ወገኖቼ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ። አማርኛችን ሦስት ቃል ሰጥቶናል፤ ነውር፣ ኃጢአት፣ ወንጀል። ነውርን የሚፈርደው ሰው ነው። ኃጢአትን የሚፈርደው ፈጣሪ ነው። ወንጀልን የሚፈርደው ዳኛ ነው። አገር ቤት ሦስቱ ተደራርበው ስለሚኖሩ ለይተን ማየት አልለመድንም። ውጭ አገር ግን ይበታተናሉ። ለእናንተ ኃጢአት የሆነው እዚህ ነውር እንኳ ላይሆን ይችላል። እናንተ ከቁም ነገር የማትቆጥሩት ደግሞ እዚህ ያስከስሳል። ግራ የሚያጋባ ነገር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ "ይሄ ከሦስቱ የትኛው ነው?" በሉ። ብዙ ጭንቀት እዚያው ይቀላል።

ስዊድኖቹም እንዲህ ሆነው አልተፈጠሩም። አያቶቻቸው በበትር ነው ያደጉት። ለወላጅ የነበረው የመምታት ፈቃድ ከሕጋቸው የወጣው ቀስ በቀስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ከወንጀል ሕጉ፣ በ1966 ደግሞ ከወላጆች ሕግ። በ1979 ልጅን መምታት ጨርሶ ተከለከለ። በዓለም የመጀመሪያዋ አገር ስዊድን ናት። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ነው። አዲሱ ክልከላ የራሱ የቅጣት አንቀጽ አልነበረውም፤ ድብደባ ድሮም በወንጀል ሕጉ ይዳኝ ነበርና። መንግሥት ልጅ ላለው ቤተሰብ ጽሑፍ አደለ። መልእክቱን የወተት ካርቶን ላይ ሳይቀር አሳተመው። ጠዋት ወተት ሲቀዳ አባትም ልጅም እኩል ያነቡታል። ጥያቄው ከፓርላማ ወጥቶ ገበታ ላይ ተቀመጠ፤ ባህሉን የለወጠውም ይኸው ይመስለኛል።

"ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው" የሚል አይጠፋም። የእኛው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይላል። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያው ተጽፎ አለ።

ሕግ ብቻውን ግን ሰውን አይለውጥም። አሜሪካ ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ እ.ኤ.አ. ከ1920 ጀምሮ አልኮል መሥራትና መሸጥ ከለከለች። ለክልከላው የታገሉት ቅን ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹ የባል ደመወዝ መጠጥ ቤት ሲቀር ያዩ ሴቶች ናቸው። ሕዝቡ ግን አብሯቸው አልነበረም። ድብቅ መጠጥ ቤት በየሰፈሩ ተከፈተ፣ ወንበዴው በኮንትሮባንድ ከበረ። በ1933 ክልከላው ተሻረ። አንድን ነገር ኃጢአት ነው ብሎ ማመንና ወንጀል ይሁን ብሎ መጠየቅ ለየቅል ናቸው። በምርጫ ድምፅ ስትሰጡ ይህን ያዙልኝ።

ከሦስቱ ሌላ ደግሞ የምፈራው ቃል አለን። ገመና።

በማኅበራችን ባል ሚስቱን ሲመታ "የቤት ገመና ነው" ተብሎ ሲሸፈን አይቻለሁ። ሽማግሌ ሆኜ የተቀመጥኩበት ጊዜም አለ። ያኔ "ለልጆችሽ ስትዪ ቻዪው" ብያታለሁ። እሷም ቻለች፤ ለሌላ አራት ዓመት። ይህን ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል። በዚያው ሰሞን ሳታገባ ያረገዘች አንዲት ልጅ ማኅበሩ ውስጥ ሰላም የሚላት አጥታ ነበር። የልጅቷ ነገር ቢበዛ ነውር ነው። የባልየው ግን ግፍ ነው። ነውሩን አደባባይ አውጥተን ግፉን ሸፈንነው።

ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በቤት ውስጥ የተፈጸመ ድብደባን ዐቃቤ ሕግ ያለ ተበዳይዋ አቤቱታ መክሰስ ይችላል። "ታርቀናል" ስለተባለ ፋይሉ አይዘጋም። አገር ቤትም ቢሆን በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል አድርጎታል። ስለዚህ ሽማግሌ ሆናችሁ የምትጠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የጠብ ነገር ከሆነ አስታርቁ። እጅ የተነሣበት ከሆነ ግን መጀመሪያ ሴትየዋንና ልጆቹን ከአደጋው አውጡ። ወደ ፖሊስ ብትሄድ "ገመናችንን አወጣች" የሚላትን ሰው ዝም አትበሉት፤ ፊት ለፊት ተናገሩት።

ሕጉ ከአገር አገር እንደሚለያይም እወቁ። ፈረንሳይና ጀርመን አደጋ ላይ የወደቀን ሰው መርዳት እየቻለ ጥሎ የሄደ ሰው ይከሰሳል። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ግን ለማያውቁት ሰው እንዲህ ያለ አጠቃላይ ግዴታ የለም። ጥያቄው አንድ ነው፤ መልሱ ሁለት። ከአገር አገር ስትዛወሩ የምታውቁትን ሕግ ይዛችሁ አትሂዱ።

የሰውነት ክፍል ልገሳም እንዲሁ ነው። ዌልስ እ.ኤ.አ. ከ2015፣ እንግሊዝ ከ2020 ጀምሮ አዋቂ ሰው በሕይወት ሳለ እምቢ ካላለ፣ ሲሞት ለመለገስ እንደ ፈቀደ ይቆጠራል። እንዲያም ሆኖ ሐኪሞቹ ቤተሰቡን ያነጋግራሉ። ያ ጥያቄ ደግሞ የሚመጣው በሌሊት፣ እያለቀሳችሁ ነው። ሟቹ ምን ይል እንደነበር የሚያውቅ ሰው ከሌለ ወንድምና እህት ይጣላሉ። አባታችሁን ዛሬ፣ በጤናቸው ጠይቋቸው። የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁን አማክሩ። መልሳችሁ አዎም ይሁን አይ፣ አስመዝግቡት፤ ለቤተሰብም ንገሩ።

ብዙዎቻችን "እኛ እንግዳ ነን፣ አያገባንም" እንላለን። አይደለም። ልጃችን የሚማረው በዚያ ሕግ ነው፣ እኛም የምንጦረው በዚያው ነው። ስዊድን ውስጥ ዜግነት ሳትይዙ ሦስት ዓመት በተከታታይ ተመዝግባችሁ ከኖራችሁ በማዘጋጃ ቤትና በክልል ምርጫ ድምፅ ትሰጣላችሁ። ስለ ትምህርት ቤትና ስለ አረጋውያን እንክብካቤ ብዙው የሚወሰነው እዚያ ነው። የሕግ ረቂቅ ለአስተያየት ሲወጣም ማንም ሰው መጻፍ ይችላል። ጻፉ።

ስትጽፉ ግን "ሃይማኖቴ ይከለክላል" ብላችሁ አታቁሙ። እምነታችሁን ደብቁ ማለቴ አይደለም። የእናንተን እምነት የማይጋራ ጎረቤት ሊመዝነው የሚችል ምክንያት ጨምሩ። ማን ይጎዳል? ማን አቅም ያጣል? እንግሊዝ አገር የባሪያ ንግድን የተዋጉት አማኞች መጽሐፋቸውን ብቻ አይደለም የጠቀሱት። መርከቦቹ ውስጥ ሰው እንዴት ተደራርቦ እንደሚጫን በሥዕል አሳዩ። እ.ኤ.አ. ከ1791 ጀምሮ ብዙ ቤተሰብ ባሪያ ያመረተውን ስኳር አልገዛም አለ። ንግዱ በ1807 ታገደ።

ወደ እናትየዋ ልመለስ። ልጇን አልወሰዱባትም። ከስብሰባው ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆም አለችና "ታዲያ በምን ልቅጣው፣ ጋሼ?" አለችኝ። የምር ነው የጠየቀችው። መልስ አልነበረኝም። ማዘጋጃ ቤቱ በነፃ የሚሰጠው የወላጆች ትምህርት ነበረ፤ አብረን ተመዘገብን፣ እሷ እንደ እናት፣ እኔ እንደ አያት። ለእናንተም ከማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ቢደወልላችሁ አትሸሹ፣ ሂዱ። ቋንቋው ካልጠራላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ቢሮው ያቀርብላችኋል። ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉት። "እናቴ ትቆነጥጠኛለች" የሚለውን ዐረፍተ ነገር እናቱ ፊት ተቀምጦ እንዲያስተረጉም አትፍረዱበት።