አማቴን በምን ዘዴ መንዝ ልሸኛቸው?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ደብዳቤው ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ፤ ማንነትን የሚያሳውቅ ነገርም አውጥቻለሁ።

«የ32 ዓመት እናት ነኝ። ወንድ ልጄ በታኅሣሥ 7 ዓመት ይሞላዋል። ስለ ጠፈር ሲያወራ አይጠግብም። ስለዚህ ልደቱን የጠፈር ጉዞ አድርጌ ልደግስለት ነው። ሮኬት የሚመስል ኬክ ከአዲስ አበባ አዝዣለሁ። ለ12 ልጆች ከካርቶንና ከፎይል ሄልሜት እየሠራሁ ነው፤ ብርማ ልብሱን ልብስ ሰፊ ጋ ሰጥቻለሁ። ሳሎኑን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኜ ስምንቱንም ፕላኔቶች ከጣሪያው አንጠለጥላለሁ። እንዲህ ዓይነቱን ድግስ በደንብ አውቀዋለሁ፣ ቤይሩት እያለሁ ሠርቼዋለሁ። ችግሬ አማቴ ናቸው። ከመንዝ መጥተው እኛ ጋ ተቀምጠዋል። ልጄን ከሁለት ዓመቱ ጀምሮ ለአራት ዓመት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እኔ ከተመለስኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ እሱ ግን አሁንም እሳቸውን ‹እማዬ›፣ እኔን ‹ማሚ› ይላል። አማቴ በሁሉም ነገር ይገባሉ። ልደት ለምኑ ነው፣ ድፎ እደፋለሁ፣ ጎረቤት ጠርተን ቡና እናፈላለን፣ ይበቃል ይላሉ። ስለ ሰማይም የማይሆን ነገር ያስተምሩታል። አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ‹ያቺ አጥቢያ ኮከብ ናት› ሲሉት፣ ኮከብ አይደለችም፣ ቬነስ ናት፣ ፕላኔት ናት ብዬ አረምኳቸው። ከዚያ ወዲህ ልጄ ለእኔ ስለ ሰማይ አያወራም። ባለፈው ሄልሜቱን ስለካው ደግሞ ‹እማዬስ ምን ትለብሳለች?› አለኝ። አንጀቴ ቆሰለ። ባሌ ዝም ነው፤ ሲናገርም ‹ጠፈር እኛን ምን አገባን› ነው የሚለው። ለዚያች ለአንድ ቀን አማቴን ሳላስቀይም በምን ዘዴ መንዝ ልሸኛቸው?»

እህቴ፣ ለጥያቄሽ ቀጥታ መልስ ልስጥሽ። አትሸኚያቸው። ዘዴውም የለም። ቢገኝ እንኳ ልጁ ይገባዋል። የሰባት ዓመት ልጅ ማን ለምን ከቤት እንደወጣ እንዲያውቅ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም።

ቅር እንደሚልሽ አውቃለሁ። ግን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አየሁት። ስለ ኬኩ ቁመት፣ ስለ ፎይሉ ዋጋ፣ የሳተርንን ቀለበት በምን እንደምትሠሪው ሳይቀር ጽፈሽልኛል (እዚህ አሳጥሬው ነው)። ስለ ቤይሩት ግን ግማሽ መስመር ብቻ አለች። «ሠርቼዋለሁ» ብለሽ አለፍሽ። ለማን ነው የሠራሽው?

ልሳሳት እችላለሁ። ለእኔ የታየኝ ግን የማዳምሽ ልጅ ልደት ነው። ጥቁሩን ጨርቅ የሰቀልሽው፣ ፊኛውን የነፋሽው፣ ኬኩን ተሸክመሽ ገብተሽ ፎቶው ላይ እንዳትገቢ ወደ ጓዳ የተመለስሽው አንቺ ትመስዪኛለሽ። ያ ልጅ ሻማውን ሲያጠፋ ያንቺ ልጅ መንዝ ነበር። የእሱን ልደት ምናልባት በኢሞ አይተሽው ይሆናል፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ። ምናልባትም ጭራሽ አላየሽውም።

ከዓረብ አገር የተመለሱ እናቶች ሲያወሩ ብዙ ሰምቻለሁ። የሰው ልጅ እያሳደጉ የራስን ልጅ በስልክ ማየት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሲመለሱ ብዙዎቹ አንድ ትልቅ ነገር ይደግሳሉ። ሻንጣ ሙሉ መጫወቻ ይዘው ይመጣሉ። ልጁ መጫወቻውን ይቀበልና ሮጦ አያቱ ጉያ ይገባል። እናትየዋ እዚያው ቆማ ትቀራለች፣ የምታደርገው ይጠፋታል፤ ከዚያ አያትየውን ትጠላለች። ሌላ የምትጠላው ሰው አጠገቧ የለማ።

አንቺም ዕዳ እየከፈልሽ ነው ብዬ አስባለሁ። አራት ልደት በአንድ ቀን። ችግሩ ዕዳው የተጻፈው አንቺ ደብተር ላይ ነው። የልጁ ደብተር ላይ የለም። «እናቴ አራት ልደቴን ቀርታለች» ብሎ የሚቆጥር ልጅ አላውቅም። ልጅ የሚያውቀው ሌላ ነው። ስተኛ ማን አጠገቤ አለ? ስነቃስ ይኖራል? እሱ ያልጠየቀውን ዕዳ ስትከፍዪው ደግሞ ሳታስቢው መልስ ትጠብቂያለሽ። ይስቃል? ያቅፈኛል? ሰው ፊት ዛሬ እንኳ «እማዬ» ይለኝ ይሆን? ይሄ ለሰባት ዓመት ልጅ ከባድ ሥራ ነው። ድግሱ በተለቀ ቁጥር ከእሱ የሚጠበቀውም እየተለቀ ይሄዳል።

እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢና ባልደረባው ጄምስ ሮበርትሰን ከእናታቸው የተለዩ ሕፃናትን ሲከታተሉ ሦስት ነገር ተከታትሎ እንደሚመጣ አይተዋል። መጀመሪያ ልጁ ያለቅሳል፣ ይጮኻል፣ በር በሩን ያያል። ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጥና ዝም ይላል። በመጨረሻ የረሳ ይመስላል፤ ይበላል፣ ይጫወታል፣ እናቱ ስትመጣ ግን እንደ እንግዳ ያያታል። ይሄን ሦስተኛውን ነው እኛ «ለመደ» የምንለው። መልመድ አይደለም። ዳግም ላለመጎዳት ልቡን እየጠበቀ ነው። ያንቺ ልጅ አንድ ዕድል ነበረው፦ ተስፋ ቆርጦ ሳይዘጋ አያቱ ደረሱለት። ልጅ ደግሞ ልቡን ከአንድ በላይ ሰው ላይ መጣል ይችላል። ለእሳቸው የሰጠው ፍቅር ከአንቺ ድርሻ ተቀንሶ አይደለም። እንደውም ሰው ማመን እንዲችል አድርገው ያቆዩልሽ እሳቸው ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። ልጁ እስካሁን ሁለት ጊዜ ተነቅሏል። አንዴ አንቺ ስትሄጂ፣ አንዴ ደግሞ አንቺ ስትመለሺ። ሁለተኛውን ማንም አይቆጥረውም፤ ለቤተሰቡ ሁሉ ደስታ ነበራ! ለእሱ ግን ቤቱን፣ በጎቹን፣ አብረውት የሚቦርቁ ልጆችን፣ የሚተኛበትን ባና ሁሉ ትቶ የመጣበት ቀን ነው። አማትሽ ተከትለው ባይመጡ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እንጃ። አሁን ሦስተኛ ልትጨምሪበት ነው፣ ያውም በገዛ ልደቱ።

ደግሞስ ጠፈሩን ከየት ያመጣው ይመስልሻል? ከቴሌቪዥን? የመንዝን ሰማይ አስቢው እስቲ። የመንዟ መሃል ሜዳ ከተማ ከ3000 ሜትር በላይ ላይ ናት። ክረምቱ አልፎ ደመናው ሲገፈፍ፣ መብራት በሌለበት ደጅ፣ በታኅሣሥ ውርጭ፣ ኮከቡ እንዴት እንደሚፈስ አንቺም አይተሽዋል። ሰማይ የሚያጠኑ ሰዎች የሚፈልጉት ከፍታና ጨለማ ነው፤ የእንጦጦው የከዋክብት መመልከቻም የተሠራው ከ3000 ሜትር በላይ ላይ ነው። ልጅሽ በነፃ አግኝቶታል። አያቱ ጭን ላይ ተቀምጦ፣ ባናውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ጣታቸውን እየተከተለ ነው ቀና ማለት የተማረው። ጠፈሩን የሰጡት እሳቸው ናቸው። አንቺ ያንኑ ጠፈር ፎይል ለብጠሽ፣ የሰጡትን ሰው ከውስጡ ልታስወጪ ነው። «እማዬስ ምን ትለብሳለች?» ያለሽ እሷን እመርጣለሁ፣ አንቺን አልመርጥም ብሎ አይደለም። ጉዞው ያለ እሳቸው አልታየው ብሎ ነው።

በቬነስ ጉዳይ ልክ ነሽ። ፕላኔት ናት፣ ከፀሐይ ሁለተኛዋ፤ የምታበራውም የፀሐይን ብርሃን እያንጸባረቀች ነው። ልጁ ግን ያን ጠዋት የሰማው ስለ ፕላኔት አልነበረም። «ከሁለታችን አንዳችንን እመን» የሚል ነው የሰማው። ስለዚህ ዝም አለ። ዝምታው ኩርፊያ ላይሆን ይችላል፤ የሚወዳቸው ሰው ፊቱ እንዳይዋረዱ እየተከላከለላቸው ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን እንዲህ ዓይነት ልጅ ስላለኝ እኮራ ነበር።

አማትሽ መልአክ ናቸው እያልኩ አይደለም። ስትደክሚ እያዩ «ልደት ለምኑ ነው» ማለት ደግ ንግግር አይደለም። ግን እሳቸውም የፈሩ ይመስለኛል። በእርጅናቸው የታቀፉትን ልጅ አስረክበዋል። «ድፎ እደፋለሁ» ሲሉ እኔንም አስገቡኝ እያሉ ነው። የባልሽ ዝምታ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፣ ለሌላ ቀን ይቆይ። «ጠፈር እኛን ምን አገባን» ላለው ብቻ፣ ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና እንዳስወነጨፈች ንገሪው፤ 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ ለእርሻና ለአየር ንብረት መረጃ እንድትሰበስብ የተሠራች። የገበሬ ልጅ ከሆነ በደንብ ያገባዋል።

የሚከብደው ነገር ይሄ ነው፦ አራቱ ዓመት አይመለስም። የሄድሽው ለቤተሰብሽ ብለሽ ነው፣ ማንም ሊወቅስሽ አይገባም። ግን በዚያ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ «ናፈቀኝ»፣ «ከፋኝ»፣ «አለቀስኩ» የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። «አንጀቴ ቆሰለ» ያልሽው አንዴ ነው፤ እሱንም በሄልሜቱ ነገር አሳበብሽው። ያ ሁሉ ሐዘን መውጫ ሲያጣ ወደ ኬኩና ወደ ፎይሉ ሄደ ብዬ እፈራለሁ። ቢለቀስለት ይሻላል። ደግሞ ልጁ ፊት መሆን የለበትም።

አሁን ወደ ልደቱ። ድግሱን ተዪው አልልሽም፤ ሄልሜት የሚጠላ ልጅ የለም። ቀነስ ብታደርጊው ግን ጥሩ ይመስለኛል። ከ12ቱ ልጆች ስንቶቹ የእሱ ጓደኞች ናቸው? ጠይቂውና እሱ የጠራቸው ይምጡ። ከዚያ በፊት ባለ አንድ ምሽት ብርዱን ችለሽ ከሁለቱ ጋር ደጅ ውጪ፤ «እትዬ፣ ለእሱ የሚያሳዩትን ለእኔም ያሳዩኝ» በያቸው። እርማት አይኑር። ሊከብድሽ ይችላል፣ መጀመሪያ ቀን ላይሳካም ይችላል።

ለልደቱ ቀንም አማትሽ ሥራ ይኑራቸው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከተማችሁን የቆረቆሩት ሰማይ ላይ በታየ ብርሃን ምክንያት እንደሆነ ይነገራል፤ አማትሽ ይሄን ታሪክ ከአንቺ በተሻለ ያወሩታል ብዬ እገምታለሁ። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ደግሞ ያ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል ይላሉ። በ76 ዓመት ገደማ አንዴ የሚመለስ ነው። እኛ ዘንድ ለመጨረሻ ጊዜ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1986 ነበር፣ የሚመለሰው በ2061። ይሄን ለልጆቹ አንቺ ንገሪያቸው። ልጆቹ ያኔ ስንት ዓመት እንደሚሆናቸው እየቆጠሩ ቤቱን ያናውጡታል። የእሳቸውን ወሬ ያንቺ አያፈርሰውም፣ ያንቺንም የእሳቸው።

«እማዬ» መባሉን አታስቸኩዪው። ዓመት ሊፈጅ ይችላል፣ ሁለትም ሊፈጅ ይችላል፤ «ማሚ»ም ቢሆን እናት ነው። የማታ ማታ የሚያቀራርባችሁ ደብተር ማየቱ፣ ጫማ ማሰሩ፣ ሲያመው አጠገቡ ማደሩ ነው። ሌሊት እየባነነ፣ አልጋ ላይ እየሸና ወይም ትምህርት ቤት አልሄድም እያለ ከሆነ ግን ለባለሙያ አሳይው።

አንቺም ብቻሽን ባለሙያ ብታናግሪ ደስ ይለኛል፣ በአካል። የእኔ ምላሽ ከአንድ ደብዳቤ የተነሳ ግምት ነው፤ ስለ ቤይሩቱ ደግሞ በጽሑፍ የሚያልቅ ነገር ያለ አይመስለኝም። ከተማሽ ካለው ሆስፒታል ጠይቂ። ካልተመቸሽ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጠዋት ወጥተሽ ማታ ትመለሻለሽ። እስከ ልደቱ ድረስ ጊዜም ልብም እንደማይኖርሽ ይገባኛል፤ ቀጠሮውን ግን አሁኑኑ ያዢ።