ፒፒሲ ላይ ፑሚስ አትጨምር

ወንድሜ፣ ለካዛንቺሱ ሥራ ከወርቅ ማዕድን ቁፋሮ የተጣለ ድንጋይ ለጠጠር አስፈጭተህ ሲ-25 ኮንክሪት (በ28 ቀን 25 ሜጋፓስካል ጥንካሬ የሚጠበቅበትን) ሞክረሃል። ከሲሚንቶው 15 በመቶውን በፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ዱቄት ተክተህም የመሞከሪያው ኪዩብ በ28 ቀን 17 ሜጋፓስካል ላይ ቀርቷል፤ «ፑሚሱን 25 ላድርገው?» ነው ጥያቄህ። በፍጹም እንዳታደርገው!

የጻፍከው ሲሚንቶ ፒፒሲ ነው። ፋብሪካው ራሱ ፑሚስ ቀላቅሎ የፈጨው ማለት ነው። የፑሚሱ ድርሻ 30 በመቶ ቢሆን፣ ለአንድ ሜትር ኩብ ከሚገባው 360 ኪሎ ሲሚንቶ 15 በመቶ ስትቀንስ 306 ኪሎ ፒፒሲ ይቀርሃል፤ ከዚህ ውስጥ ክሊንከሩ (ዋናው የሚያጠነክረው የሲሚንቶ ክፍል) 214 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ፑሚስ ደግሞ ብቻውን አይጠነክርም፤ ክሊንከሩ ውሃ ሲያገኝ የሚያወጣውን ኖራ ይፈልጋል። ኖራው ካነሰ ትርፉ ዱቄት መሙያ ብቻ ነው። ይህን ሳይናገሩ «ጥንካሬ ይጨምራል» ብለው የሚሸጡ ሰዎች ስንት ሰው አክስረዋል!

1. ኦፒሲ 42.5 (ፑሚስ ያልተቀላቀለበትን ሲሚንቶ) ግዛ። ለአንድ ሜትር ኩብ 306 ኪሎ ኦፒሲና 54 ኪሎ ፑሚስ። ከ20 በመቶ አትለፍ።

2. ለብሎኬት የሚሸጠው ፑሚስ ለዚህ አይሆንም። እንደ ሲሚንቶ የደቀቀ መሆን አለበት፤ በ45 ማይክሮን ወንፊት በውሃ ሲነፋ የሚቀረው ከ34 በመቶ መብለጥ የለበትም። በጣትህ ስታሸው ከሻከረህ መልሰው። ሲሊካ ፊዩም (እጅግ የደቀቀ የሲሊካ ዱቄት) ካገኘህ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይበቃል፤ ያለ ሱፐርፕላስቲሳይዘር (ውሃ ሳይጨመር ድብልቁን የሚያላላ ኬሚካል) ግን አትሞክረው፣ ድብልቁ ይደርቅና ሠራተኛው ውሃ ይጨምርበታል።

3. ድንጋዩን እጠበው። እርጥብ ጠጠር በመዳፍህ ስታሸው ጭቃ ከለቀቀ ሲሚንቶው አይዘውም። የውሃው ልክም እዚሁ ላይ ነው የሚበላሸው። በፈንጂ የተመታ ድንጋይ ውስጥ ለውስጥ ስለሚሰነጠቅ ብዙ ውሃ ይጠጣል። የመምጠጥ አቅሙ 3 በመቶ ከሆነ፣ 1100 ኪሎ ደረቅ ጠጠር 33 ሊትር ይወስድብሃል። ከድብልቁ 180 ሊትር ውሃ ላይ 33 ሲጎድል ስላምፑ (የድብልቁ ልልነት መለኪያ) ይወድቃል፤ ሚክሰሩ ላይ ያለው ልጅ በባልዲ ይደፋበታል፣ ያኔ ልኩ ጠፋ። ስለዚህ ጠጠሩን ማታ ውሃ አጠጥተህ እደር፤ ጠዋት ላዩ ጠፈፍ ሲል ቀላቅል።

ሙከራውን በሦስት ድብልቅ ድገመው፦ አንዱ በተለመደው ጥቁር ድንጋይ ጠጠርና በኦፒሲ ብቻ፣ አንዱ በማዕድኑ ድንጋይና በኦፒሲ ብቻ፣ አንዱ በማዕድኑ ድንጋይ ከነፑሚሱ። ድክመቱ ከድንጋዩ ይሁን ከዱቄቱ የምትለየው እንደዚህ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ለ7፣ ለ28 እና ለ56 ቀን ሦስት ሦስት ኪዩብ ሙላ። ፑሚስ ያለበት በ7ኛው ቀን ወደኋላ መቅረቱ ተፈጥሮው ነው፤ የ7 ቀን ወረቀት ብቻ አይቶ «አፍርሱ» የሚል አማካሪ ይህን ማወቅ ነበረበት። ሳይት ላይ ግን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነህ ቢያንስ 14 ቀን አጠጣ። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ የፑሚስን ሥራ ይበልጥ ያዘገየዋልና ካሳፎርማ ለመፍታት አትቸኩል።

የትኛውም ዱቄት የማያድነው ነገር ደግሞ አለ። ድንጋዩን በመዶሻ ስበረው፤ ውስጡ እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ ነጥብ ካለ ብዙውን ጊዜ ፒራይት (ብረትና ሰልፈር ያለው ማዕድን) ነው። እርጥበትና አየር ሲያገኝ አሲድ ያወጣል፣ ያብጣል፣ ኮንክሪቱን ዝገት በመሰለ ቀለም ያዥጎረጉረዋል። ላብራቶሪ የጠቅላላ ሰልፈር ምርመራ አሠራ። የአውሮፓው የጠጠር መስፈርት ወሰን 1 በመቶ ነው፤ ፒሮታይት (የፒራይት ዘመድ የሆነ ማዕድን) ካለበት ደግሞ 0.1 ብቻ። ካለፈ ድንጋዩን ለአርማታ አትጠቀምበት።