ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የሚጮኸው አውራ ዶሮ

ጥያቄ፦ የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ፣ አምስት አባወራ በሚጋራው የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። ዘጠኝ ዶሮዎችና አንድ አውራ አሉኝ። እንቁላሉን ለሰፈር ሱቅ እሰጣለሁ፤ አንዷ የሐበሻ ዶሮ ደግሞ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ታቅፍልኛለች። አውራው ሰባት ወር ሞልቶታል። ከሁለት ወር ወዲህ ሌሊት መጮህ ጀምሮ ግቢውን በሙሉ አስቸግሯል። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ማታ 4 ሰዓት ገብቶ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ይወጣል። «ለፋሲካ ካላረዱት እኔ አርደዋለሁ» ብሎኛል። አንዱ አንገቱን በላስቲክ እሰሪው አለኝ፣ ሌላው አረቄ የነከረ እህል ስጪው አለኝ፣ የድምፁን ጅማት የሚቆርጥ ሐኪም አለ ያለኝም አለ። ከእጄ እየበላ ያደገ ነው። ሳልጎዳው ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናቴ፣ አንገቱ ላይ ላስቲክ ካለ ማንበብዎን እዚህ ያቁሙና ሄደው ይፍቱት። ከዚያ ተመልሰው እንነጋገራለን።

የአውራ ዶሮ ድምፅ የሚፈጠረው ብዙ ሰው እንደሚመስለው አፉ አጠገብ ባለው ጉሮሮ አይደለም። የሚፈጠረው ደረቱ ውስጥ፣ የአየር ቧንቧው ለሁለቱ ሳንባዎች በሚከፈልበት ቦታ ላይ ነው። በሰውነቱ ውስጥ የተበተኑትን የአየር ከረጢቶች ይሞላል፣ አንገቱን ይመዝዛል፣ ያን ሁሉ አየር በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ስለዚህ አንገቱን ያሰረ ሰው የሚቀንሰው ትንፋሹን ነው። በውጭ አገር ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ የአንገት ቀበቶ አለ፤ እሱንም አልመክርም። ዶሮ አያልበውም፤ ሲሞቀውም ሲደነግጥም አፉን ከፍቶ በማለክለክ ነው የሚበርድለት። እህል የሚጠራቀምበት ከረጢትም ያለው ከአንገቱ ሥር ነው። ዛሬ ልክ የሆነው ማሰሪያ ወፍሮ ወይም ጠግቦ ሲያድር ያንቀዋል። አንድ ጊዜ «በሽታ ገደለብኝ» ተብዬ ሄጄ ከቆጡ ሥር ደርቆ ያገኘሁት አውራ፣ ላባውን ገለጥ ሳደርግ የሴት ልጅ የፀጉር ላስቲክ አንገቱ ላይ ነበረበት።

ቀዶ ሕክምናውም ከዚህ አይሻልም። ቦታው ጥልቅ ነው፣ ለልብና ለዋና ዋና የደም ሥሮች ቅርብ ነው፣ ወፍን አደንዝዞ ማንቃትም ራሱን የቻለ አደጋ አለው። ልኮላሸው ቢሉም የአውራ ዶሮ ፍሬ እንደ በግ ከውጭ የተንጠለጠለ አይደለም፤ ሆድ ውስጥ ከጀርባው አጥንት ሥር ነው ያለው። አረቄውን ደግሞ ለእንግዳ ያስቀምጡት።

እንግዲህ ጉሮሮውን እንተወውና ሰዓቱን እንያዝ። በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት አውራ ዶሮዎችን ቀንና ሌሊት በማይለይበት የደበዘዘ ብርሃን ውስጥ አቆይተዋቸው ነበር። ንጋትን የሚያሳያቸው ነገር ባይኖርም ዶሮዎቹ በየቀኑ በተቀራራቢ ሰዓት መጮህ ቀጥለዋል። ሰዓቱ ያለው ውስጣቸው ነው ማለት ነው። ብርሃንና ጨለማ በሚፈራረቁበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ብርሃኑ ከመምጣቱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድመው ይጀምሩ ነበር። ለአዲስ አበባ ይህን ማስላት ቀላል ነው። ከተማችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ጀምበር ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ የእርስዎ አውራ ክረምት ከበጋ 10 ሰዓት አካባቢ ይጀምራል። አያቶቻችን በዶሮ ጩኸት ተነስተው መንገድ የሚጀምሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ለእርስዎም አንድ ጥቅም አለው፤ ዛሬ የሚያወጡት የሰዓት ፕሮግራም በዓመቱ መጨረሻም ይሠራል።

የ10 ሰዓቱ ጩኸት ተፈጥሮው ነው። 7 ሰዓትና 8 ሰዓት ሌሊት ላይ የሚጮኸው ግን አንድ ነገር ቀስቅሶት ነው፤ «ሌሊቱን ሙሉ» የሚያስብሉትም እነዚህ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሠራተኛ ሰፈር ተመሳሳይ አቤቱታ ስለቀረበልኝ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሄጄ ግቢው ውስጥ ተቀምጬ አደርኩ። (ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።) የዶሮው ቤት ከአሮጌ ቆርቆሮ የተሠራ ነበር። ቆርቆሮው ቀድሞ ጣሪያ ስለነበረ በየቦታው የምስማር ቀዳዳ አለበት፤ ፊቱ ደግሞ አዲስ ወደተተከለ የመንገድ መብራት የዞረ ነው። በእያንዳንዱ ቀዳዳ የገባው ብርሃን እንደ ብር ሳንቲም አውራው ጀርባ ላይ ተደርድሯል። መኪና መብራቱን አብርቶ ባለፈ ቁጥር ሳንቲሞቹ ይሮጣሉ፣ አውራው አንገቱን ቀና ያደርጋል፣ ይጮኻል። በማግስቱ ቤቱን አዞርነው፣ ላዩንም በአሮጌ ጅባ ሸፈንነው። የ10 ሰዓቱ ጩኸት እንዳለ ቀረ፤ ከዚያ በፊት ያለው ግን ቆመ።

ዛሬ የመሀል ከተማው መንገድ ሌሊት ከበፊቱ እጅግ የደመቀ ነውና መጀመሪያ ይህን ይፈትሹ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ዶሮ ቤቱ አጠገብ ቁጭ ብለው በአውራው ዓይን ከፍታ ልክ ይዩ፤ የበረንዳ አምፖል ይሁን የመንገድ መብራት የሚገባውን ሁሉ ይድፈኑ። አይጥና ሸለምጥማጥም ሌሊት ያስጮኹታል። ወለሉ ላይ የተፈለፈለ ጉድጓድ ወይም የአይጥ ኩስ ካዩ ተራፊውን መኖ ማታ ማታ ያንሱ።

ቀጥሎ የማደሪያ ሣጥን ይሠሩለታል፤ ገንዘብዎንም ጊዜዎንም የሚያውሉት እዚህ ላይ ነው። ሲጮኽ አንድ ሜትር ላይ ሆኖ ቢለካ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። እሱ ራሱ እንኳን አፉን ሙሉ በሙሉ ሲከፍት የጆሮው ቀዳዳ ይዘጋለታል፤ ለጎረቤትዎ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልተሠራለትም። ሜዳ ላይ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ደግሞ ጆሯችን ድምፁን በግማሽ እንደወረደ ይቆጥረዋል። ዶሮ ቤቱ ከሹፌሩ መኝታ 2 ሜትር ላይ ከሆነና ወደ 8 ሜትር ካራቁት፣ አንድ ምስማር ሳይመቱ ከግማሽ በላይ ቀንሰዋል ማለት ነው። በግቢው ግድግዳ ምክንያት ቁጥሩ ትንሽ ይለዋወጥ ይሆናል፤ ማራቁ ግን ምንጊዜም ይጠቅማል። የጋራ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ዶሮ ቤት ካለ ዛሬውኑ ያላቁት።

ድምፅን የሚያቆመው ክብደት ነው። ቆርቆሮ ቀጭን ስለሆነ አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ እንደ ከበሮ ነው። ስፖንጅ ብቻውን መለጠፍም ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ ድምፁን አያግድም። ለዚህ ሥራ ከጭቃ ግድግዳ የሚሻል ርካሽ ነገር አላውቅም። ከሰው መኝታ የራቀ፣ ጭስ የማይገባበት የጭቃ ዕቃ ቤት ካለዎት ሣጥኑን እዚያ ያስቀምጡት። ከሌለዎት ወፈር ያለ ኮምፔንሳቶ በሞራሌ ላይ ከውስጥም ከውጭም መትተው መሀሉን በደረቅ አሸዋ ወይም በጭድ በተቦካ ጭቃ ይሙሉት። ስፋቱ በየጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 70 ይሁን። አንዳንዶች ጣሪያውን ዝቅ አድርገው አንገቱን እንዳይመዝ ይከለክሉታል። ይሠራል፤ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ አንገቱን አጎንብሶ እንዲያድር የተፈረደበት ዶሮ «ሳልጎዳው» ካሉት ጋር አይሄድም። ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ይዙር።

አየር ላይ ቀልድ የለም። አንድ ቀዳዳ ከታች፣ አንዱ ከላይ፣ እያንዳንዱ የእጅዎን መዳፍ ያህል፣ ሁለቱም በጥብቅ የሽቦ ወንፊት የተሸፈኑ ይሁኑ። ከፊት ለፊታቸው ከጣውላ የተሠራ ክንብንብ ይምቱባቸው፤ አየሩ ታጥፎ ይገባል፣ ብርሃንና ድምፅ ግን ቀጥ ብሎ መሄጃ ያጣል። ፊታቸው ሰው ወደማይተኛበት አቅጣጫ ይዙር። ወለሉ ላይ ወፈር ያለ ሰጋቱራ ያንጥፉ። ጠዋት ሲከፍቱ አፍንጫዎን ያስጠጉ፦ ዓይን የሚቆጠቁጥ ሽታ ካለ ጉዝጓዙን ይቀይሩ፣ ግድግዳው ካላበው ቀዳዳዎቹን ያስፉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል ብለው አይስጉ፤ ደረቅ ቦታ ያደረ ጤነኛ አውራ ይችለዋል። ይሞቀው ብለው ከሰል እንዳያስገቡበት ብቻ አደራ።

ማታ 2 ሰዓት ገደማ፣ ቆጥ ላይ ሰፍሮ ካንቀላፋ በኋላ በሁለት እጅዎ ክንፎቹን ሰብስበው፣ ብብትዎ ሥር አድርገው ወደ ሣጥኑ ይውሰዱት። በጨለማ ዶሮ አይታገልም። ከሦስት አራት ሌሊት በኋላ ይለምደዋል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይክፈቱለት፤ ከዚያ አያሳልፉት። ሲወጣ እፍኝ ስንዴ መሬት ላይ በትነው ይጠብቁት። አፉ ሥራ የያዘ ዶሮ እየጫረ ይለቅማል እንጂ ቆሞ አይጮኽም። 10 ሰዓት ላይ ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ መጮሁ አይቀርም፤ ፍላጎታችን ግድግዳውን አልፎ ሰው እንዳይቀሰቅስ ነው።

ቀን ላይ የሚያስጮኸው በአብዛኛው ሌላ አውራ ነው። ለዘጠኝ ዶሮ አንዱ ይበቃልና ሁለተኛ አይጨምሩ። የጎረቤት አውራ በአጥር የሚታየው ከሆነ አጥሩን ይሸፍኑ። በተለይ በበዓል ዋዜማ በየግቢው አዲስ የተገዛ አውራ ስለሚታሰር ሰፈሩ ሁሉ ይቀባበላል። ያን ሰሞን ትዕግሥት ነው።

አሁን ያልጠየቁኝን ልጠይቅዎት። አውራው የግድ ያስፈልግዎታል? ዶሮዎችዎ እንቁላል ለመጣል አውራ አያሻቸውም፤ ያለ እሱም ያንኑ ያህል ይጥላሉ። እሱ የሚያስፈልገው ለጫጩት ብቻ ነው። ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ ዘመድ ካለዎት አውራውን እዚያ ያሳድሩትና፣ ዶሮዎ ልትታቀፍ ስትል ከዘመድዎ ዶሮዎች ሥር የዳበረ እንቁላል ያስመጡ። አውራውን ራሱን ማመላለስ ፈንግል ይዞ እንዲመጣ መንገድ መክፈት ነው። እንቁላሎቹ ከተጣሉ ከአንድ ሳምንት ያልበለጣቸው ይሁኑ፣ ሾጣጣ ጫፋቸው ወደ ታች ሆኖ በጭድ መሀል ይምጡ፣ ግማሽ ቀን ይረፉ፣ ከዚያ ማታ በጨለማ ከታቃፊዋ ሥር ያስገቧቸው። ለአንዲት የሐበሻ ዶሮ ከ10 እስከ 12 ይበቃታል፤ በ21ኛው ቀን ይፈለፈላሉ። ሲሄድም አየር ባለው ካርቶን ይሂድ እንጂ እግሩን ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥሎ አይሁን። ዘመድ ከሌለዎት፣ ጫጩቱም ቢቀርብዎት ግድ ከሌለዎት፣ የተከተበ የ45 ቀን ጫጩት እየገዙ መተካት ይችላሉ። እርስዎ ግን «ከእጄ እየበላ ያደገ» ብለዋልና ሣጥኑን እንደሚመርጡ እገምታለሁ። እኔም ብሆን እሱን እሞክር ነበር።

ለሹፌሩ ሣጥኑ ሳይሠራ በፊት ይንገሩት። ቡና ጠርተው «ይህን ልሠራ ነው፣ ሁለት ሳምንት ስጠኝ» ይበሉት። በየሌሊቱ የሰማበትን ሰዓት ወረቀት ላይ እንዲጽፍልዎት ይለምኑት፤ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ቀርቶ እንደሆነ ከዚያ ወረቀት ያውቃሉ። ሣጥኑ ባለቀ በመጀመሪያው ሌሊትም 10 ሰዓት ላይ ጋቢዎን ደርበው ከሣጥኑ አጠገብ ሳይሆን ከሹፌሩ በር ፊት ቆመው ያዳምጡ። እዚያ ጥርት ብሎ የሚሰማዎት ከሆነ ክንብንቡ ወዴት እንደዞረ ደግመው ይዩት።