ከቅጥር በፊት ስለሚደረገው ምርመራና ስለ ቅዳሜው ወይን፦ ለአዲሷ ነርስ እህቴ

እህቴ፣ በቡድናችን ላይ ለአባላቱ ያቀረብሽውን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቅዳሜ ማታ አራት ሰዓት ላይ ከጓደኞችሽ ጋር አራተኛውን የወይን ብርጭቆ ጨረስሽ፤ ዛሬ ሰኞ ደግሞ ሆስፒታሉ ሥራውን እንደሰጠሽ ነግሮሽ ነገ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ብዙዎቻችን ድራግ ቴስት ለምንለው የዕፅ ምርመራ ሽንት እንድትሰጪ ቀጠረሽ። አልኮሉ ይታይብኛል ወይ፣ ውኃ በብዛት ልጠጣ ወይ፣ ለቀጣሪዎቹስ አስቀድሜ ልናገር ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። በመጨረሻ ላይ ደግሞ እንደ ዋዛ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርገሻል፤ ወደ እርሷ እመለሳለሁ። አንቺ እያልኩ የምጽፍልሽ በነርስነት 14 ዓመት ስለቆየሁ፣ ይህንኑ ምርመራም አምስት ጊዜ ስላለፍኩበትና ከአምስቱ አንዱን በገዛ እጄ ስላበላሸሁት ነው።

አልኮሉ ራሱ ከሰውነትሽ ወጥቷል። ሰውነታችን አልኮልን የሚያስወግደው እንደ ብዙዎቹ መድኃኒቶች በየተወሰነ ሰዓት እኩሌታውን እየቀነሰ ሳይሆን በሞላ ጎደል በማይለወጥ ፍጥነት ነው፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን በየሰዓቱ በአማካይ 0.015 በመቶ ገደማ ይወርዳል። አራት ብርጭቆ የጠጣች መካከለኛ ክብደት ያላት ሴት መጠኗ እኩለ ሌሊት ላይ 0.12 በመቶ ደርሶ ነበር ብንል እንኳ፣ ስምንት ሰዓት ያህል ቆይቶ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ የብርጭቆው መለያየትና የጉበት መለያየት ቢጨመርበትም እሑድ ቀትር ላይ ያለቀለት ነገር ነው። ከቅዳሜ ማታ አራት ሰዓት እስከ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ያለው ጊዜ 59 ሰዓት ነው። የደም መርጋትን የሚከላከለውን የሄፓሪን ጠብታ በደቂቃ አስልታ የምትሰጥ ነርስ ይህን ስሌት ለራሷ መሥራት ሲያቅታት ማየት ይገርማል፤ ፍርሃት ግን እንዲህ ያደርጋል፣ እኔንም አድርጎኛል።

ከዚያ በላይ ደግሞ፣ በተለምዶ ለቅጥር የሚታዘዘው የሽንት ምርመራ አልኮልን አይፈልግም። የተለመደው ባለ አምስት ዓይነት ምርመራ የሚፈልገው ማሪዋና፣ ኮኬይን፣ አምፌታሚን፣ ኦፒየት (እንደ ሞርፊንና ሄሮይን ያሉት) እና ፒሲፒ የተባለው የሚያቃዥ ዕፅ ነው። ለጤና ባለሙያዎች የሚታዘዘው ሰፋ ይላል፤ ቤንዞዳያዜፒንና ባርቢቹሬት የመሳሰሉ ማረጋጊያዎች፣ ኦክሲኮዶን፣ ትራማዶል፣ ፌንታኒልና ሜፔሪዲን የመሳሰሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ይጨመሩበታል፣ ምክንያቱም ቀጣሪው የሚሰጋው በእጃችን ስለሚያልፈው የመድኃኒት ቁም ሣጥን ነው። በአሜሪካ ሕግ መሠረት የአልኮል ምርመራ እንደ ሕክምና ምርመራ ስለሚቆጠር ሥራው በቅድመ ሁኔታ ከመሰጠቱ በፊት ሊጠየቅ አይችልም፤ ከተሰጠ በኋላ ግን በዚያው የሥራ መደብ የሚገቡት ሁሉ የሚመረመሩ ከሆነ ይፈቀዳል። አንቺ አሁን ያለሽው በዚህ በሁለተኛው ደረጃ ላይ ስለሆነ «አልኮል በጭራሽ አይመረመርም» ብለው በእርግጠኝነት የጻፉልሽን አባላት ሙሉ በሙሉ አትመኛቸው፤ የላኩልሽን የስምምነት ቅጽ ዛሬ ማታ ክፈቺና የሚመረመሩት ነገሮች ተዘርዝረው ከሆነ አንብቢ።

በቅጹ ላይ «ኢቲጂ» ወይም «ኤቲል ግሉኩሮናይድ» የሚል ካየሽ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ጉበት አልኮልን ሲያፈርስ ከሚያወጣቸው ቅሪቶች አንዱ ሲሆን አልኮሉ ራሱ ከጠፋ በኋላም በሽንት ውስጥ ይቆያል፤ በመጠኑ የጠጣ ሰው ላይ እስከ ሁለት ቀን ገደማ፣ አብዝቶ የጠጣ ሰው ላይ ደግሞ ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ሊታይ ይችላል። ሰው ሁሉ እየተቀባበለ የሚጽፈው «80 ሰዓት» የሚባለው ቁጥር ከጠጡት ሁሉ የሚጠበቅ ሳይሆን ወደ ላይኛው ጫፍ የሚጠጋ ነው። ላብራቶሪዎች ብዙ ጊዜ ውጤቱን አዎንታዊ ለማለት መቁረጫ የሚያደርጉት በሚሊ ሊትር 500 ናኖግራም ሲሆን፣ በ59ኛው ሰዓት አራት ብርጭቆ ከዚህ በታች ሊወርድ ቢችልም ቃል ልገባልሽ አልችልም። ይህ ምርመራ በአብዛኛው የሚታዘዘው ግን በፈቃድ ሰጪው ቦርድ ክትትል ሥር ሆነው ጨርሶ ላለመጠጣት ለፈረሙ ነርሶች ነው። ከእነርሱ አንዷ ከእኔ ጋር ሦስት ዓመት በአንድ ክፍል ሠርታለች። በየበሩ የተሰቀለውን አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ ጄል መንካት ስለምትፈራ ፈረቃዋን ሙሉ በሳሙና ትታጠብ ነበርና የእጇ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ደም ያወጣ ነበር። ፍርሃቷ መሠረት ነበረው፤ የአሜሪካ መንግሥት የአእምሮ ጤናና የሱስ አገልግሎቶች አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣውና በ2012 ባሻሻለው ማሳሰቢያ፣ እንዲህ ያሉ የዕለት ተዕለት ምርቶችም ውጤቱን ከፍ ሊያደርጉ ስለሚችሉ አንድ ዝቅተኛ የኢቲጂ ውጤት ብቻውን ሰው ጠጥቷል ለማለት እንዳይበቃ አስጠንቅቋል።

ስለ ውኃው ያለኝን ምክር የከፈልኩበት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ። ለሁለተኛ ሥራዬ ስቀጠር ከሦስት ቀን በፊት በአንድ ዘመዴ ሠርግ ላይ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቼ ነበር። ምንም እንደማይታይብኝ አውቅ ነበር፤ ቢሆንም «እንዲያው ለጥንቃቄ» እያልኩ ከንጋት ጀምሮ ሦስት ሊትር ያህል ውኃ ጨለጥኩ። የሰጠሁት ናሙና ውኃ እንጂ ሽንት አይመስልም ነበር። ከዕፆቹ አስቀድሞ ናሙናው እውነተኛ ሽንት መሆኑ ይጣራል፤ ሙቀቱ እዚያው ናሙና መስጫው ላይ በ4 ደቂቃ ውስጥ ተለክቶ ከ32 እስከ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት፤ ላብራቶሪው ሲለካው ክሬአቲኒኑ (ከጡንቻ የሚወጣ የሽንት ቅሪት) በዴሲ ሊትር ከ20 ሚሊግራም፣ ከውኃ ጋር ሲነጻጸር ያለው እፍጋትም ከ1.003 ካነሰ ደግሞ ቀጠነ ተብሎ ይመዘገባል። የእኔም ውጤት «ነጻ፣ ነገር ግን የቀጠነ» ሆኖ ተመለሰ። በቀጣሪው ደንብ መሠረት በአጭር ማስጠንቀቂያ እንደገና ተጠራሁ፤ ሁለተኛው ንጹሕ ሆኖ ቢመጣም የአዲስ ሠራተኞች ሥልጠና አምልጦኝ ስለነበር ቀጣዩን ዙር ሁለት ሳምንት ያለ ደመወዝ ጠበቅሁ። ከሁሉ የከፋው በሁለተኛው ቀን ናሙና ተቀባይዋ ያየችኝ አስተያየት ነበር። ሁለት ብርጭቆ ወይን ሊያመጣብኝ የማይችለውን ጥርጣሬ ሦስት ሊትር ውኃ አመጣብኝ። ስለዚህ ነገ ጠዋት እንደ ወትሮው አንድ ብርጭቆ ጠጪ፤ ሰውነትን ያጸዳሉ እየተባሉ የሚሸጡትን መጠጦች ደግሞ አትንኪ። ናሙናው ላይ የሚጨመር ነገርማ አይነሳም፤ ላብራቶሪው ይደርስበታል፣ በናሙና ላይ መነካካት ደግሞ ለመመርመር እምቢ እንዳልሽ ተቆጥሮ ጨርሶ ካልነበረ ጥፋት የባሰ ጥፋት ይሆናል።

ለቀጣሪዎቹ ደውለሽ ቅዳሜ ጠጥቼ ነበር አትበይ። ከሥራ ውጭ ሆነሽ በሕግ የተፈቀደ ነገር ጠጥተሻል፤ የጠየቀሽም የለም። በቅጽ ላይ ወይም በሐኪም ፊት በቀጥታ ብትጠየቂ ግን አትዋሺ፤ በሙያችን ውሸቱ ራሱ ፈቃድ ሊያስነጥቅ ይችላል። በሐኪም ትእዛዝ የምትወስጂው መድኃኒት ካለ ማዘዣውን አዘጋጂ፤ ናሙና ለሚቀበለው ሠራተኛ ማስረዳት አያስፈልግም፣ አዎንታዊ ውጤት ከመጣ ለቀጣሪው ከመነገሩ በፊት ውጤቱን የሚገመግመው ሐኪም ደውሎ ይጠይቅሻል። የማታውቂው ቁጥር ነው ብለሽ ስልኩን አትዝጊው።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር ልመለስ። «ከተመረቅኩ ወዲህ ማታ ሁለት ብርጭቆ ሳልጠጣ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ምርመራ አይቀርም ብዬ ግን ከቅዳሜ ወዲህ ጨርሶ አቁሜያለሁ» ብለሻል። ከጻፍሽው ሁሉ ያሳሰበኝ ይህ ነው፤ ሌሎቹ መላሾች ሰዓት በመቁጠር ተጠምደው አልፈውታል።

በመጀመሪያ አስቸኳዩን። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጡ፣ ላቡና የልብ ምቱ መፍጠን ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራሉ፤ የሚጥል በሽታን የመሰለ መንፈራገጥ እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ መቃዠትና የአእምሮ መናወጥ ያለበት አደገኛው ሁኔታ ደግሞ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ። ይህን ለታካሚዎች ስትማሪው ስለነበር አዲስ አይሆንብሽም፤ አሁን ግን ሰዓቱን በራስሽ ላይ ቁጠሪው። በእርግጥ ሁለት ብርጭቆ ብቻ ከሆነ እዚህ የመድረስሽ ዕድል ጠባብ ነው። እጅሽ የሚንቀጠቀጥ፣ በብርድ ልብስ ውስጥ በላብ የምትዘፈቂ፣ ወይም የሌለ ነገር የሚታይሽ ከሆነ ግን ነገ ወደ ናሙና መስጫው ሳይሆን ዛሬውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፤ ቀጠሮ ይዛወራል። እዚያ ለመንቀጥቀጡ የሚሰጡሽ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ከቤንዞዳያዜፒን ወገን ነው፤ በሰፊው ምርመራ ላይ ሊታይ ስለሚችል የታዘዘልሽን ወረቀት ያዢ፣ ማስረጃው ይበቃል።

መንቀጥቀጡ ባይኖርም እንቅልፉ ራሱ ጥያቄ ነው። እኔም የሌሊት ፈረቃ በጀመርኩ ጊዜ ጠዋት ቤት ስገባ መጋረጃ ዘግቼ፣ ጠጥቼ ነበር የምተኛው። ቶሎ ይወስደኛል፤ ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ ግን አፌ ደርቆና ልቤ እየመታ እነቃለሁ፣ ምክንያቱም አልኮል በመጀመሪያ የሚሰጠውን እንቅልፍ በእንቅልፉ ሁለተኛ አጋማሽ መልሶ ይወስደዋል። በማግሥቱ ስለሚደክመኝ ደግሞ እንደገና እጠጣለሁ። አምስት ወር እንዲህ ከቆየሁ በኋላ ሥራ ለመቀየር ማመልከቻ ሳስገባ፣ የምርመራውን ቀን አስቤ ስንት ቀን ማቆም እንዳለብኝ በጣቴ ስቆጥር ራሴን ያዝኩት። ሦስት ቀን ማቆም እንደ ትልቅ ሥራ ታይቶኝ ነበር።

በዚያ ሳምንት ለሐኪም ቀጠሮ ያዝኩ። ማንም ሳይደርስብኝ በራሴ ፈቃድ ስለሄድኩ ነገሩ በእኔና በሐኪሜ መካከል ቀረ፤ በሥራ ላይ ሸትቶሽ ወይም ስሕተት ሠርተሽ ከተያዝሽ በኋላ የሚከፈተው መዝገብ ግን ከዚህ በጣም ይለያል። ዛሬ የመጠጡን ጉጉት የሚቀንሱ እንደ ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ለእንቅልፉም ያለ መድኃኒት የሚሰጥ የታወቀ ሕክምና አለ። ሐኪሟ የጠየቀችኝ ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ነበሩ፦ በስንት ቀን ትጠጫለሽ፣ ስትጠጪ ስንት ትጠጫለሽ፣ በአንድ ጊዜ ስድስትና ከዚያ በላይ የጠጣሽው በየስንት ጊዜው ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ እኔም «ሁለት ብርጭቆ» አልኩ። እውነተኛው አራት ነበር፤ ብርጭቆዬም ትልቅ ነበር። ይህን ያረምኩት በሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ሐኪሟ ያሰበችልኝ ሕክምና በሙሉ የተሠራው በሐሰተኛው ቁጥር ላይ ነበር። የነገው ምርመራ ካለፈ በኋላ ቀጠሮ ያዢ፤ ስትጠየቂም የምትጠጪበትን ብርጭቆ ቤትሽ ውስጥ ውኃ ሞልተሽ በሚሊ ሊትር ለክተሽ ሂጂ።