«እኔ እየነዳሁ ያሳደግኳት እሷም እንድትነዳ ነው?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። ለንደን ነው የምኖረው። ልጄ ዘንድሮ ጥሩ ውጤት አምጥታ ፋርማሲ ትገባለች ብዬ ስጠብቅ ፓራሜዲክ ካልሆንኩ ብላ ድርቅ አለች። አባቷ የአውቶብስ ሹፌር ነው፣ «እኔ እየነዳሁ ያሳደግኳት እሷም አምቡላንስ እንድትነዳ ነው?» ብሎ ካኮረፈ ሁለት ሳምንት አለፈው። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር የፈራሁላት ደሙን ነው። ስራው ምንድነው በትክክል?
እናት ነኝ

መልስ፦ እናታችን፣ መጀመሪያ የሹፌሩን ነገር እንጨርሰው። ባለቤትዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፣ መንዳት አለበት፣ እንደውም አብዛኞቹ ቀጣሪዎች ሲ ዋን የሚባለውን ከ3.5 ቶን በላይ የሚያስነዳ መንጃ ፈቃድ ይጠይቋታል። ግን ፓራሜዲክ በአምቡላንስ ደርሶ በሽተኛውን ባለበት የሚያክም ባለሙያ ነው፣ መኪናው ላይ ስላለች ሹፌር ማለት ዶክተሩን እስክሪብቶ ስለያዘ ጸሐፊ እንደማለት ነው።

እሳቸው አይናቸው ላይ ያለው የአገር ቤቱ ነጭ ላንድክሩዘር ይመስለኛል፣ ወላድ ጭኖ ወደ ጤና ጣቢያ የሚከንፈው። እንግሊዝም ድሮ እንደዛው ነበር፣ አፋፍሶ መውሰድ ብቻ። ከዛ በ1966 ሰሜን አየርላንድ፣ ቤልፋስት ላይ ፓንትሪጅ የሚባል የልብ ሀኪም ሰዉ እኮ የሚሞተው እኛ ጋ ሳይደርስ ነው ብሎ ልብ የሚያስነሳውን ማሽን በመኪና ባትሪ አሰርቶ አምቡላንስ ላይ ጫነው፣ 70 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር አስቡት። አሁን ፓራሜዲክ የሚለው ስም ራሱ በህግ የተጠበቀ ነው፣ ሳይመዘገብ ነኝ ያለ ይከሰሳል። ከ2021 ጀምሮ ለአዲስ ገቢ የትምህርቱ ደረጃ ዲግሪ ሆኗል፣ ከ2018 ወዲህ ደግሞ ከዛ በላይ የተማሩት መድሃኒት ራሳቸው ያዛሉ። ጂፒ (የሰፈር ክሊኒክ) ሄደው ዶክተር ነው ያሉት ሰውዬ ፓራሜዲክ ሊሆን ይችላል።

ጥናትም ይሰራሉ። እዛው እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ልባቸው የቆመ ከ8000 በላይ ሰዎች ላይ፣ ለግማሾቹ ልብ ለማስነሳት የሚወጋው አድሬናሊን፣ ለግማሾቹ ጨው ውሃ ብቻ ተሰጠ፣ የሚወጋው ፓራሜዲክ የቱ እንደሆነ አያውቅም። በ2018 ውጤቱ ሲወጣ ከወር በኋላ በህይወት ያሉት አድሬናሊን ካገኙት 3.2 በመቶ፣ ካላገኙት 2.4 በመቶ ናቸው፣ ልዩነቱ ትንሽ ነው ግን ከሆስፒታል ከወጡት ውስጥ ከባድ የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸው 31 በመቶ ለ18 በመቶ ገደማ ሆነ፣ አድሬናሊን ባገኙት ላይ ብሶ ማለት ነው። ስንት አመት ያለጥርጥር ሲወጋ የነበረ መድሃኒት እኮ ነው!

ደሙን አይፍሩላት፣ ደም ይለመዳል። የሚከብደው ሌላ ነው። ዛሬ 999 (የድንገተኛ ጥሪ ስልክ) ተደውሎ ከሚኬድበት ቤት ብዙው የመኪና አደጋ አይደለም፣ የወደቁ አሮጊት፣ ስኳር የወረደበት ሰው፣ ጭንቀት የያዘው ልጅ፣ እና ሆስፒታል ልውሰድ ወይስ እዚሁ አክሜ ልተዋቸው የሚለውን እሷ ትወስናለች፣ ትታ ከሄደች በኋላ ሌሊቱን ሙሉ «ምን ሆኑ ይሆን» እያለች ልትገላበጥ ትችላለች። ሌላው ወረፋ ነው። በሽተኛ ለማስረከብ የተቀመጠው ደንብ 15 ደቂቃ ነው፣ ግን ኢመርጀንሲ አልጋ ሲጠፋ መኪናው ውስጥ በሽተኛ ይዞ ሰዓታት በር ላይ መቆም አለ፣ በዛን ሰዓት ሌላ ሰው እየጠራ እንደሆነ በሬዲዮ እየሰሙ። የሚያቃጥለው እሱ ነው። ወገብም አይርሱ፣ ደረጃ ለደረጃ ሰው መሸከም ቀላል አይደለም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ እንግሊዝ ውስጥ ለሚማሩና መስፈርቱን ለሚያሟሉ በአመት 5000 ፓውንድ የማይመለስ ድጋፍ አለ፣ ዩኒቨርሲቲውን ትጠይቅ። ከማመልከቷ በፊት ግን አንድ ስራው ላይ ያለ ሰው ፈልጋ የሌሊት ሺፍቱን ታስወራው።

ለአባቷ ደግሞ ከሲ ዋኑ በፊት ተራው መንጃ ፈቃድ እንደሚያስፈልጋት ይንገሯቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገቧ ቁጭ ብሎ የሚያለማምዳት ሰው ትፈልጋለች፣ ቤት ውስጥ ከሳቸው የተሻለ ማን አለ።