የኮንስታንሺያ የወይን ርስት ከእጅ ወደ እጅ፦ ጥያቄና መልስ

በኬፕ ታውን ዳርቻ ስላለው የኮንስታንሺያ ርስትና ስለ ባለቤቶቹ ከአባላት የቀረቡ ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ርስቱ መጀመሪያ የማን ነበር? ስፋቱስ ምን ያህል?

መልስ፦ የሲሞን ፋን ደር ስቴል ነው። የሆላንድ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በያዘው የኬፕ ቅኝ ግዛት አዛዥ ሳለ በ1685 ተሰጠው። ስፋቱ 891 ሞርገን ነበር። አንድ ሞርገን 0.86 ሄክታር ግድም ስለሆነ፣ በጠቅላላው ወደ 763 ሄክታር ይጠጋል። በ1712 ሲሞት ርስቱ ተከፋፈለ፤ በ1716 ግሮት ኮንስታንሺያ፣ ክላይን ኮንስታንሺያና በርግፍሊት ተብሎ ሦስት ቦታ ተሸጠ። መኖሪያ ቤቱ ያለበትን ግሮት ኮንስታንሺያን የገዛው ኦሎፍ በርግ ነው።

ጥያቄ፦ ዛሬ ጠርሙስ ላይ የምናየው ክላይን ኮንስታንሺያ ያ የ1716ቱ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ብዙ ጽሑፎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። የ1716ቱ ክላይን ኮንስታንሺያ በኋላ ሆፕ ኦፕ ኮንስታንሺያ ተባለ። የዛሬው ደግሞ በ1823 ከግሮት ኮንስታንሺያ የላይኛው ክፍል ተቆርጦ ያኔ ግሮት ኮንስታንሺያን ይዞ ለነበረው የክሉተ ቤተሰብ ልጅ የተሰጠው መሬት ነው። ስማቸው አንድ ነው፣ መሬታቸው ግን ለየቅል። ስለዚህ በ18ኛው መቶ ዓመት ሰነድ ላይ «ክላይን ኮንስታንሺያ» የሚል ካያችሁ የዛሬውን እርሻ እንዳይመስላችሁ።

ጥያቄ፦ በዚያ ዘመን ሴት ባለቤት ነበረች ሲባል ሰምቼ ነበር። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። አና ደ ኮኒንግ ትባላለች፣ የኦሎፍ በርግ ሚስት። ባሏ በ1724 ሲሞት ግሮት ኮንስታንሺያ ለእሷ ተላለፈ። እናቷ ከቤንጋል በባርነት ወደ ኬፕ የመጣች፣ ኋላም ነፃ የወጣች ሴት ነበረች። ስለ ርስቱ ሲወራ አና በአንድ መስመር መታለፏ ተገቢ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ወይኑን ዝነኛ ያደረገው ታዲያ ማነው?

መልስ፦ በ1778 ግሮት ኮንስታንሺያን የገዛው ሄንድሪክ ክሉተ ነው። እርሻው ተጎሳቁሎ ነበር የተረከበው። ወይኑን አስተከለ፣ በ1791 አዲስ የወይን ጠጅ ማከማቻ አሠራ፤ በግንባሩ ላይ ያለው የቀራጩ አንቶን አንራይት ቅርጽ ዛሬም ይታያል። ጣፋጩ ወይን ጠጅ የአውሮፓ ነገሥታት ቤት የገባው በክሉተ ቤተሰብ ዘመን ነው፤ በሴንት ሄሌና በግዞት ለነበረው ናፖሊዮንም ይላክለት ነበር። የቆፈሩት፣ የለቀሙትና የጨመቁት ግን በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው። ዝናውን ከእነሱ ጉልበት ነጥሎ መጻፍ ታሪኩን ማጉደል ነው።

ጥያቄ፦ ጣፋጭነቱ ከየት ይመጣል? ስኳር ይጨመርበታል?

መልስ፦ በዛሬው አሠራር ስኳርም አልኮልም አይጨመርበትም። ዋናው ፍሬ ሙስካ ደ ፍሮንቲኛን የሚባለው ነው። ለቀማው በአንድ ቀን አያልቅም፤ በተለያየ ጊዜ ተመላልሶ ይለቀማል። ቀድሞ የተለቀመው ጎምዘዝ ያለውን ጣዕም ይሰጣል፤ ግንዱ ላይ ቆይቶ ዘቢብ የሆነው ደግሞ ስኳሩን። ዘቢቡ ብቻውን ሲጨመቅ ጭማቂው ትንሽ ስለሆነ፣ በመፍላት ላይ ባለ ጭማቂ ተዘፍዝፎ ይቆይና ይጨመቃል። አልኮሉ 14 በመቶ ገደማ ሲደርስ እርሾው ይደክማል፣ ያልፈላው ስኳር እዚያው ይቀራል። ጠጅ ጣይ ሰው ይህን አያጣውም፤ ማሩ ሲበዛ እርሾው ሳይጨርሰው ይቀራልና። ከዚያ በኋላ በበርሜል ለዓመታት ይቀመጣል። የሚያበላሸው በለቀማው ማብቂያ የሚጥል ዝናብ ነው፤ ፍሬው ዘቢብ ከመሆን ይልቅ ይበሰብሳል።

ጥያቄ፦ ክሉተዎች ርስቱን ያጡት በፊሎክሴራ ተባይ ነው ይባላል።

መልስ፦ ቀኖቹ አይገጥሙም። ግሮት ኮንስታንሺያ ለኬፕ መንግሥት የተሸጠው በ1885 ነው፤ ፊሎክሴራ ኬፕ ውስጥ የታወቀው ደግሞ በ1886። ቤተሰቡን ያዳከሙት ከዚያ በፊት የተደራረቡ ነገሮች ናቸው። በ1834 ባርነት ቀረ፤ «ተለማማጅ» በሚል ሽፋን የቀጠለው ግዳጅም በ1838 አበቃ፤ ያለ ክፍያ የሚሠራ ጉልበት አከተመ። በ1859 ኦይዲየም የተባለው ነጭ ሻጋታ ወይኑን መታ። በ1861 ደግሞ እንግሊዝ ለኬፕ ወይን ትሰጠው የነበረውን የቀረጥ ቅናሽ አነሳች፤ በዚህ ጊዜ የፈረንሳይ ወይን ለንደን ገበያ ላይ በርካሽ ገባ። ለእኔ የመጨረሻው ምት ይህ የቀረጥ ጉዳይ ነው፤ ሻጋታ በድኝ ዱቄት ይታከማል፣ የጠፋ ገበያ ግን መድኃኒት የለውም።

ፊሎክሴራ ሥር የሚያጠቃ ጥቃቅን ነፍሳት ነው። መፍትሔው የአውሮፓውን ዝርያ በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ቆርጦ ማጋጠም ሆነ። ሲተከል መጋጠሚያው ከአፈር በላይ መዋል አለበት። ከተቀበረ የላይኛው ዝርያ የራሱን ሥር ይሰዳል፣ ተባዩም በዚያ በኩል ይገባል።

ጥያቄ፦ ከ1885 በኋላስ?

መልስ፦ ግሮት ኮንስታንሺያ የመንግሥት ማሳያ እርሻ ሆነ። ቤቱ በ1925 ተቃጥሎ እንደገና ታደሰ። ከ1993 ጀምሮ በአደራ ድርጅት ሥር ነው፣ የግለሰብ ባለቤት የለውም። ክላይን ኮንስታንሺያ ግን በግል እጅ ቀረ። በ1980 የጁስት ቤተሰብ ገዛው፣ ወይኑን አስተከለ፣ ለረጅም ዘመን ጠፍቶ የነበረውን ጣፋጭ ወይን በ1986 ምርት መለሰው። በ2011 ዝዴኔክ ባካላና ቻርልስ ሃርማን ገዙት።

ጥያቄ፦ የአንድን እርሻ የባለቤትነት ሐረግ ማጣራት ብፈልግ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከዛሬው ተነሥተህ ወደ ኋላ ሂድ እንጂ ከመሥራቹ አትጀምር። የኬፕ ታውን የመሬት ውል መዝገብ ቤት አሁን ያለውን ውል ያሳይሃል፤ ውሉ ከእሱ በፊት የነበረውን ይጠቅሳል፣ እንዲያ እያልክ ትወርዳለህ። በእያንዳንዱ ዝውውር ላይ ስሙን ብቻ ሳይሆን የቀያሹን ንድፍና ስፋቱን አመሳክር። ስፋቱ ድንገት ካነሰ መሬት ተቆርጧል ማለት ነው፤ የተቆረጠውም የራሱ ውል ስለሚኖረው ለብቻው ተከታተለው። ባለቤት ሲሞት የተሠራውን የንብረት ቆጠራም ፈልግ፤ የበርሜሉ ብዛት፣ የዕቃው ዓይነት፣ በባርነት የተያዙት ሰዎችም በስማቸው እዚያ ተዘርዝረው ይገኛሉ።