መልስ፦ ለድሮ ላንድሮቨር የቶዮታ የፍሬን ማስተንፈሻ ብሎን ይሆናል?

ሰላም ወንድሜ። የኋላው ማስተንፈሻ ብሎን (አየር ከፍሬን ዘይቱ የሚወጣበት) ራሱ ተበልቶብህ፣ ባሕር ዳር ሱቆች ውስጥ ያገኘኸው የቶዮታ ብቻ መሆኑን ጽፈሃል። እሱን ተወው። የጃፓኖቹ ብዙውን ጊዜ 7 ወይም 8 ሚሊ ናቸው፤ የድሮ እንግሊዝ መኪና ግን በኢንች ነው የሚሄደው።

በዚያው አክስል በሌላኛው ጎማ ያለውን ጤነኛ ብሎን ፍታና በመለኪያ ካሊፐር ለካ። ውፍረቱ 6.3 ሚሊ ገደማ ከሆነ ሩብ ኢንች፣ በአንድ ኢንች ርዝመት 28 ጥርስ ያለው፤ 9.5 ገደማ ከሆነ 3/8 ኢንች፣ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ ያለው ነው። ለማረጋገጥ የአምስት ጥርስ ርዝመት ለካ፦ የመጀመሪያው 4.5፣ ሁለተኛው 5.3 ሚሊ ይሰጥሃል። ብሎኑ የሚገባበት የፍሬን ሲሊንደር ከዚህ በፊት ተቀይሮ ከሆነ ግን ግራና ቀኙ ላይመሳሰል ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው 3/8ቱ ላይ ነው። 10 ሚሊ ሆኖ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1 ሚሊ በሆነ ቀዳዳ ውስጥ ላላ ብሎ ይገባል፣ የያዘ ይመስላል፤ ስታጠብቀው ጥርሱን ልጦ ይወጣል።

የፍሬን ዘይቱን የሚዘጋው ጥርሱ ሳይሆን የብሎኑ የሾለ ጫፍ ነው፤ ስለዚህ ቴፍሎን መጠቅለል ማንጠብጠቡን አያቆምም። ጫፉን በማርከር ቀባና በእጅህ አጥብቀህ ፍታው። ዙሪያውን ማርከሩ የተፋቀበት ሙሉ ቀለበት ካልታየ ወይ ብሎኑ አጥሯል፣ ወይ ጫፉ የሚያርፍበት መቀመጫ ተበልቷል።

ስትጨርስ የብሎኑን የላስቲክ ቆብ አትርሳ። በክረምት ጭቃና ውኃ በብሎኑ ቀዳዳ ገብቶ ነው ብሎኑን ከውስጥ የሚያዝገው።